የጎረሰችው ጠመንጃ

ከፍያለው ቦና ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እየተመላለሰ ሠርቶ፣ ዲላ ቤቱ በጡረታ የተቀመጠ ሰው ነው። ጥንቃቄው አያድርስ ነው፤ ባጃጅ ሲሳፈር እንኳ «ቀስ በል» የሚለው ገና ሞተሩ ሳይነሳ ነው። አይፈረድበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎረሰች ጠመንጃ ጋር ያደረ ሰው ነው።

ጠመንጃዋ አባቱ በበቅሎ ለውጠው ያመጧት ናት። ሊሞቱ ሲሉ ከፍያለውንና ታናሹን ፊሊጶስን ጠርተው፣ «ጥይት ተቀርቅሮባታል። ቃታዋን የሳበ ራሱን ነው የሚያጠፋው» አሏቸው። ወንድማማቾቹ ያኔ በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተው አይነጋገሩም ነበር፤ ሽማግሌ ያስታረቃቸው ኋላ ነው። ከፍያለው ጠመንጃዋን ሳሎን ሰቀላት። አፈሙዟ ባነጣጠረበት የመስኮት ጥግ ከዚያ ወዲህ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ሚስቱ ሚስራም ያን ጥግ የምትጠርገው አጎንብሳ ነው።

ዘንድሮ ቀበሌው «መሣሪያ ያለው ያስመዝግብ» ሲል ከፍያለው እንቅልፍ አጣ። መንገድ ላይ ብትባርቅስ? ሰው ብትገድልበትስ? በመጨረሻ ጎረቤቱን ሃምሳ አለቃ አብዲሳን ለመነ፤ በሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

ሃምሳ አለቃ አወረዷት። ባልና ሚስት ጓዳ ገብተው በበሩ ስንጥቅ ያያሉ።

«ወይ ቁንጅና!» አሉ ሃምሳ አለቃ ሰደፏን እየዳበሱ። «እንዲህ ያለችውን በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።»

«የምትከፈትበት መቀርቀሪያ እኮ የላትም፤ ሚሊሻው ሁሉ ፈልጎ አጥቷል» አለ ከፍያለው ከጓዳ።

«ይሄስ?» ከቃታዋ ሥር ያለውን የብረት ቀለበት አሳዩት። ከፍያለው ለመስቀያ የተሠራ መስሎት ሠላሳ ዓመት ምስማር ላይ ያንጠለጠላት በእሱ ነበር። ሽማግሌው አፈሙዟን ወደ ጓሮ አዙረው ቀለበቱን ወደ ታች ገፋ አደረጉት። ቀጭ! ሆዷ ተከፈተ። ጣታቸውን ሰደው የደረቀ የዘይት ጨርቅ አወጡ።

«ባዶ ናት። የተቀረቀረ ነገርም የለም። ያስቀመጧት ሰው አውቀው፣ ወልውለው ነው የዘጓት።»

ከፍያለው ከጓዳ ወጥቶ የተከፈተ ሆዷን አየ። «ጌታ ይባረክ!» አለ። ሚስራ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። አባቱ ዋሽተው ነበር፤ ለምን እንደዋሹም ወዲያው ገባው።

ገደብ ከተማ ለሚኖረው ፊሊጶስ ደወለ። «ባዶ ናት» አለው።



«ጋሼ» አለ ፊሊጶስ፣ «በአባባ ለቅሶ ቀን ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሳለ አውርጃት ነበር። አንተን ልገድልባት ብዬ። ‹ራሱን ነው የሚያጠፋው› ያሉት ትዝ ሲለኝ ፈርቼ መልሼ ሰቀልኳት።»

ከፍያለው መቆጣት ነበረበት፤ የመጣለት ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

«እንኳን ፈራህ» አለው። «እንኳንም አባባ ዋሹን። በል እሁድ ና።»

እሁድ ከቸርች በኋላ ፊሊጶስ መጣ። ሚስራ ወንበር አውጥታ የመስኮቱ ጥግ አስቀመጠችለት፤ እሱም ተቀመጠበት።