የራዲያተሩ ውሃ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማኅሌት በአዲሷ መኪናዋ ጎንደር ልታደርሰኝ መጣች። ሞተሩን ሳታስነሣ፣ "ኮፈኑን ከፍተሽ ውሃውን አየሽ?" አልኋት። ሳቀችብኝ። "አባባ ደግሞ! ሲጎድልባት እኮ ራሷ መብራት አብርታ ትናገራለች።" ሳላስበው ክንዴ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ዳበስሁ።

ጊዜው የደርግ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴን ትንሽ ነጭ መኪና እነዳለሁ። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር በዚያ ቆላ የቤት መኪና የሚነዳ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ኩራቴማ አይጣል ነው! ሐጂ ጧት ጧት "መጀመሪያ ውሃ፣ ዘይት፣ ጎማ፤ ቁልፉ ከዚያ ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ውጪዋን ስወለውል፣ መስተዋቷን ሳሳምር አረፍድ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ የሰሊጥ አጨዳው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ሽንፋ ሰው አድርሼ ስመለስ አንድ የወሎ ሰው መንገድ ዳር አስቆመኝ። እንድሪስ ይባላል፤ ከታናሽ ወንድሙ ከሰይድ ጋር ለአጨዳ የመጣ ነው። ሰይድን ወባ ጥሎት ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ወደ መተማው ጤና ጣቢያ ይዣቸው በረርሁ። እንድሪስ ከኋላ የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከትንሽ ጀሪካን ጨርቅ እያራሰ ግንባሩን ያቀዘቅዝለታል።

ግማሽ መንገድ ላይ የሙቀቱ ጌጅ ሽቅብ ወጣ። አቁሜ ወረድሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ኮፈኑን አልከፈትሁትም።

ከድንጋጤዬ የተነሣ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን ፈታሁት። እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ክንዴን ላጠው፤ የቀረችውም ውሃ አፈር ላይ ፈሰሰች። ዙሪያው የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬትና የሰሊጥ ክምር ብቻ ነው፤ ወንዝ የለ፣ ቤት የለ።

"ምን አገኛት?" አለኝ እንድሪስ።

"ድንጋይ መታት" አልሁት። ዋሸሁ! ሰው ሊሞት ነው፣ እኔ ስሜን አድናለሁ።

ጀሪካኑን አየሁት፤ ስጠኝ ለማለት ግን አፍ አጣሁ። እሱው ራሱ ገባው። "አብሽር ወንድሜ፣ ለእሷ ስጣት። እሷ ካልጠጣች እሱም አይተርፍ" አለኝ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ቀስ እያልሁ ጨመርሁላት። ጀሪካኑ ውስጥ አንድ ጉንጭ ያህል ቀረ። እንድሪስ በዚያችው ጨርቁን አርሶ የወንድሙን ከንፈር አበሰ፤ ከዚያ ጨርቁን በተቃጠለው ክንዴ ላይ አሰረልኝ። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

እንደ ምንም ደረስን። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ሰይድ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። እንድሪስ ሁለት እጄን ይዞ፣ "አንተ ባትኖር ወንድሜን እዚያ በረሃ እቀብረው ነበር። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው" ብሎ መረቀኝ። አሜን አልሁ።

ስለ ጠባሳው ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለሟች ባለቤቴ እንኳ፣ "ድንጋይ ራዲያተሩን መትቶት ነው" ስል ኖሬያለሁ። እውነቱን የነገርሁት ያን ዕለት፣ መኪናዋ ውስጥ፣ ለማኅሌት ብቻ ነው። ሰምታኝ ስታበቃ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች።

"ውሃው ሙሉ ነው አባባ፣ እንሂድ" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ እንድሪስን ሳስብ ሄድሁ። ዕድሜዬ እንደ ምርቃቱ ረዝሟል፤ እሱን ፈልጌ ይቅር በለኝ ለማለት ግን አልበቃኝም።