ቆብ የማይገባው ጉንጉን

በልጃገረዶቹ የክረምት ካምፕ ሞግዚቷ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የልጆቹን ፀጉር ስትሠራ ኖራለች። የሆዳቸውን የሚያጫውቷትም፣ እንባቸው የሚወርደውም እዚያው ጉልበቷ ሥር ነበር። ዘንድሮ ወጣት የዋና አስተማሪ ተቀጠረችና ልጆቹ ቁርሳቸውን በቅጡ ሳይውጡ ወደ መዋኛ ገንዳው ይሮጡ ጀመር። ሞግዚቷን ቅናት አንገበገባት። አንድ ማለዳ ሁሉንም አስቀምጣ፣ ያለ ቆብ መዋኘት ስለማይፈቀድ፣ የዋና ቆብ እንዳይገባላቸው ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ ቆልላ ጎነጎነችው። «እስቲ ብቻዋን ትንቦጫረቅ» አለችና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ረፋድ ላይ ልታይ ሹልክ ብላ ሄደች። አስተማሪዋ ገንዳው ዳር ተቀምጣ፣ አንዷን ልጅ ጉልበቷ መሃል አስገብታ፣ «አመመሽ እንዴ፣ የኔ እናት?» እያለች ጉንጉኗን ቀስ አድርጋ ትፈታለች። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች። በሞግዚቷ እጅ ፀጉሯን እየተሠራች ፈገግ ያለች ልጅ ኖራ አታውቅም።