«ተበላህ» ሲሉ «አድሃሪ» ትዝ አለኝ

ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጫጫ ከተማ ላይ መውረድ ረስተው ሲያልፉ፣ ከኋላ አንዱ «ፋዘር፣ ተበላህ» አላቸው። ሁሉም ሳቀ። ይህች «ተሸወድክ» ለማለት ከኢንተርኔት የመጣች ቃል አሁን ለለቅሶም ለሠርግም ሆናለች። ሰለቸችኝ።

በደርግ ጊዜ አንኮበር ላይ የእኛዋ «አድሃሪ» ነበረች፤ ካድሬዎቹ የአብዮቱን ጠላት የሚጠሩባት ቃል። አልሄድ ላለች በቅሎም፣ ጨው ለበዛበት ወጥም እንላት ነበር።

አንድ ቀን ቀበሌ ስብሰባ ላይ አባቴ ሲናገር፣ ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ «አንተ አድሃሪ፣ አሳጥረው» ብለው ቀለዱ። ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ቃሏን ከአባቴ ስም ጋር መዝገብ ላይ ጻፋት።

አባቴ ሰባት ወር ታሰረ።

ሲፈታ በቅሎ ይዘው የተቀበሉት ጋሽ ተሰማ ነበሩ። መንገድ ላይ በቅሎዋ ገገመች። «አንቺ አድ...» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እናንተስ ለቀልድ ለምዳችኋት ኋላ የጎመዘዘቻችሁ ቃል የትኛዋ ናት?