ሶኬቱ እንዳይነቀል

እናቴ ከሞተች ወዲህ ድምጿ የቀረው ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ጥግ ላይ በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። ለእረፍት ከጅዳ በሄድኩበት ጊዜ ገዝቼ ያስገባሁት ነው። ስታወራ፣ ስታንጎራጉር፣ እኔን ስትቆጣ ቀዳኋት። «ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ» ብዬም ትቼው ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አለ ብሎ የሚያምን ሞኝ ነው፤ ሞኟ እኔ ነበርኩ።

ጦርነቱ ወደ ውጫሌ እየተጠጋ ነው ሲባል ድምጿን ከርቀት ለማውጣት ተነሳሁ። ቤታችን በሽቦ የሚገባ ኢንተርኔት አለው። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ብሆንም ኮምፒውተር ከቪዲዮ ተምሬያለሁ። አሠሪዬ ከምሳ በኋላ ስታሸልብ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባ፣ ግድግዳው ሥር ያለችው የኢንተርኔት ሣጥን ስንት መብራት አላት?»

«አራት። ሦስቱ አረንጓዴ ናቸው፣ አንዷ ቀይ። ቀይዋ ታመመች እንዴ?»

ገመዱን አጥብቀው እንዲሰኩት ነገርኳቸው፤ ቀይዋም አረንጓዴ ሆነች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አነበቡልኝ። ያ ቁጥር የቤታችን የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። በስልኬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቼ የስክሪኑን ቀስት ሳንቀሳቅሳት አባቴ ጮኹ።

«ቢስሚላህ! ይች ነገር ብቻዋን ትሄዳለች!»

«እኔ ነኝ አባ» ስላቸው ሳቁ። ከእናቴ ሞት በኋላ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድምጿ እየተጎተተ ወደ ስልኬ መምጣት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። በማግስቱም እንዲሁ። መስመሩን ረገምኩ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። በሦስተኛው ቀን የሚቋረጥበትን ሰዓት ልብ አልኩ፤ ሁልጊዜ በሰላት ሰዓት ነው። አባቴ መስጊድ ሲሄዱ ሶኬቱን ይነቅላሉ። «ሰው በሌለበት ቤት መብራት ተሰክቶ አይተውም» ነው ሕጋቸው። ሣጥኗ ተነቅላ በተሰካች ቁጥር ደግሞ አድራሻው ይቀየርና እኔ ውጭ እቀራለሁ።

ተናደድኩ። «አባ፣ አማና ብያለሁ! እስኪያልቅ ድረስ እንዳይነቅሉት!»

 «አማና ካልሽ እሺ» አሉ።

አማና አደራ ማለት ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ቀላል ቃል አይደለም። እኔ አፌ ላይ ስለመጣልኝ አልኩት። አባቴ ግን ሶኬቱን አልነቀሉም፤ ተሰክቶ ትተውትም ከቤት አልወጡም። ሰላታቸውን እዚያው ሳሎን ይሰግዱ ጀመር። እኔ ችግሩን ፈታሁ ብዬ ኮራሁ።

ሰው ወደ ደሴ መሸሽ ሲጀምር የእናቴ ድምፅ ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰኝም። ጎረቤታችን ባጃጅ ይዛ ደጃፋችን ላይ ቆማ እንደለመነቻቸው በኋላ ነገረችኝ።

«ገና አላለቀም፤ የልጄን አማና ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አሏት።

በዚያው ቀን መብራቱም ስልኩም ጠፋ። «ይተውት፣ ይውጡ!» ልላቸው ስደውል መስመር የለም። በየቀኑ ደወልኩ፤ ለሳምንታት ደወልኩ።

መንገዱ ሲከፈት እዚያው የቀሩ ሰዎች ነገሩኝ። አባቴ ከጨለመው ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው «መብራት ሲመጣ ይጨርሳል» ይሉ ነበር። የስኳር መድኃኒታቸው አለቀ። መብራቱ ሳይመጣ ሞቱ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኮንትራቴን ጨርሼ ስገባ ሶኬቱ እንደተሰካ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት፤ የእናቴ ድምፅ አንድም አልጎደለም። እኔ ግን የአባቴን ነበር የምፈልገው። አንዱን ፋይል ከሌላው እያስከተልኩ ሁሉንም ሰማሁ። እናቴን ስቀዳት አባቴ አጠገቧ ተቀምጠው ነበርና የእሳቸው አንድ ቃል አይጠፋም ብዬ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያኔ እንኳ…» ብለው ይጀምራሉ። ወዲያው የእኔ ድምፅ ይመጣል።

«አባ፣ ዝም ይበሉ እንጂ! እየቀዳሁ ነው።»