ከወለሌ የተረፈችው ቁራጭ

የባሌን ታናሽ ወንድም ስም እዚህ አልጽፈውም። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ በምስማር ጽፎታል፤ ይበቃዋል።

ግንበኛ ነው። ከኮኪት እስከ ገንዳ ውሃ ካዙላውን ይዞ ያልገባበት ግቢ የለም። ባሌ ካረፈ በኋላ እርሻውን እኔ ያዝሁት፤ ሰሊጡን እንደሌላው ሰው ከአውድማ ቀጥታ ነጋዴ መኪና ላይ መጫን ግን አልፈለግሁም። በአጨዳ ጊዜ ሁሉም ይሸጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። እስከ ፋሲካ ማቆየት የቻለ ሰው ነጋዴውን ደጅ ያስጠናዋል። ለማቆየት ደግሞ ምስጥ የማይበሳው ወለል ያስፈልጋል፤ የእኔ መጋዘን ወለል አፈር ነበር። ያለኝን አሟጥጬ ሲሚንቶና ጠጠር ገዛሁና የባሌን ወንድም ጠራሁት። ዘመድ እያለ ለባዕድ ምን አስከፈለኝ ብዬ ነው። ቁጠባዬ እዚያ ላይ ጀመረ፣ እዚያው ላይ ገደል ገባ።

ሚያዝያ ነበር። የእኛ መሬት ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ ያብጣል። ይህን እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ያን የተሰነጠቀ መሬት በአካፋ እንኳ ሳይነካው አርማታውን በላዩ አፈሰሰው።

«አይቆፈርም?» ብዬ ብጠይቀው፣

«አንቺ ወጥሽን ሥሪ። አርማታ ድንጋይ ነው፤ አፈር ምን ያደርገዋል?» አለኝ።

ወጤን ሠራሁ። ዶሮ አረድሁለት፤ እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ ያች ዶሮ ናት። በልቶ ሲጠግብ በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለና እርጥቡ ወለል ላይ ስሙን በምስማር ጻፈ።

የገዛሁት ሲሚንቶ ሁሉ ወለሌ ውስጥ እንዳልገባ ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። ትናንት አቧራ የነበረው የእሱ በረንዳ ሊሾ ሆኖ ያብረቀርቃል። ብጠይቀው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «በራሴ ገንዘብ ነው» አለኝ። ወለሌ ገና ደህና ስለነበር ነገሩን ተውሁት።

ሐምሌ ላይ ዋልካው አበጠ። አንድ ጧት መጋዘኑን ከፍቼ ሳይ ወለሉ መሐሉ ላይ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ዙሪያውን ተተርትሯል። በጫማዬ ጫፍ ነካ ሳደርገው አሸዋ ሆኖ ረገፈ። ኅዳር ሲደርስ ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ሰሊጤን እዚያው ደረደርሁት። ምስጡ በስንጥቁ እየወጣ ጆንያዎቹን ከሥር በላቸው። ጆንያውን ሳነሣ ቂጡ መሬት ላይ ይቀራል፤ ሰሊጤ ከአፈር ጋር ተቀላቀለ። ነጋዴው አንድ እፍኝ ዘግኖ አየና ሣቀ። በሰጠኝ ዋጋ ሸጥሁ።

ይህንንም ውጬ እኖር ነበር ይሆናል። ነገር ግን የባሌ ሙት ዓመት ላይ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ዳስ ውስጥ፣ አንዱ ሰው ስለ ወለሉ ሲያነሣ እሱ የጠላ ዋንጫውን አስቀምጦ፣

«አርማታ እኮ ውኃ ይፈልጋል። እሷ ናት ማጠጣት የሰነፈች። እርሻውንም ለእኔ ብታከራየኝ ይሻላት ነበር፤ የሚሆንላት አይደለም» አለ።

ሰው ሣቀ። በዚያ ሐሩር ሰባት ቀን ሙሉ በአህያ ውኃ እያመላለስሁ ያጠጣሁት እኔ ነኝ! ደሜ ፈላ። ወለሌን ያበላሸው እርሻዬን ለመውሰድ ይሁን ወይስ ለሲሚንቶው ብሎ፣ ዛሬም አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም አመንሁ። ወጥ እየጨለፍሁለት በልቤ «ቆይ» አልሁት። እኔ ቂም ስይዝ እንደ ልጅ አቅፌ ነው የማሳድገው።

ጥር ላይ ተነሣሁ። ግንበኛ አልጠራሁም። ከጎጃም ለአጨዳ ወርዶ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ሳሉግ ነበር፤ የቀን ሠራተኞቹን እንዲህ ነው የምንላቸው። ድልድይ ሥራ ላይ አርማታ ሲያቦካ የኖረ ሰው ነው። ወለሉን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትየ፣ ይኸ ወለል አይደለም፤ ዋልካ ላይ የተነጠፈ ቂጣ ነው» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድሁት።

ሲሚንቶውን ከሰሊጡ ባገኘኋት ገንዘብ ገዛሁ፤ ከዚያ ሌላ ገንዘብ የሚበላው ድንጋዩና ጉልበቱ ነው። ለጉልበቱ እኔም ዲጅኖ ያዝሁ። አሮጌውን ወለል ስሰብር እያንዳንዷን ምት በእሱ ስም ነው የመታኋት፤ እጄ ውኃ ቢቋጥርም አልደከመኝም። ጥቁሩን አፈር እስከ ወገባችን ቆፍረን አወጣነው። የድንጋይ መኪና አላስመጣሁም፤ የእሱን ወለል ስባሪ ከሥር ደለደልነው፤ በላዩ ውኃ የማያሳብጠውን ገረጋንቲ ሞልተን፣ ውኃ እያርከፈከፍን ጠቀጠቅነው።

ገና አሮጌውን ስንሰብር ነው፤ በሩ አጠገብ ስደርስ ዲጅኖው ነጠረ። ደግሜ መታሁ፤ ነጠረ። ስሙን በጻፈባት ቦታ ሲሚንቶ አልሰሰተም! ሌላው ሁሉ ሲረግፍ እሷ ብቻ፣ ሰፌድ የምታህል፣ ጽሑፏ እንኳ ሳይላጥ ቀረች። ሳሉጉ ሊፈልጣት መዶሻ አነሣ።

«ተዋት። ለእሷ ሌላ ሥራ አለኝ» አልሁት።

አሸዋውን ከደረቀው ወንዝ ዝቀን አጠብነው። አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ አሰፋፈሩ ላይ እኔ ራሴ ቆምሁ። መሬቱ ቢንቀሳቀስ መሐሉ እንዳይተረተር ወለሉን በጣውላ አራት ቦታ ከፈልነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ በየማለዳው አንድ አንድ ክፍል አፈሰስን። ምስጥ የበላቸውን ጆንያዎች አልጣልኋቸውም፤ ውኃ ውስጥ ነክሬ ወለሉን አለበስሁት። ጧት አጠጣሁ፣ ቀትር አጠጣሁ፣ ማታ አጠጣሁ። የመጋዘኑን በር ሆነ ብዬ ከፍቼ፣ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር «አሁንስ ሰነፍሁ?» እላለሁ። በመጨረሻ ያችን ቁራጭ ጽሑፏን ወደ ላይ አድርጌ ደጃፉ ላይ ተከልኋት።

ክረምቱ ገባ። ወለሉ ዳግም ቢነሣ እርሻውን ለእሱ ከማከራየት በቀር መውጫ አልነበረኝም። በየጧቱ ተንበርክኬ መጋጠሚያውን በጣቴ ዳሰስሁ። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴም አለፈ፤ አንድ ስንጥቅ አጣሁበት። በዚያው ክረምት የእሱ በረንዳ ለሁለት ተገመሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኅዳር ላይ ሰሊጤን ከደረደርሁ በኋላ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። እሱም እንደ አገሩ ሰው ጥቂት ሰሊጥ ይዘራል፤ በጋሪ ጭኖ ከአውድማ እየሮጠ ደጄ ደረሰ። ከእኔ ወለል በቀር በአቅራቢያው ደረቅ ቦታ አልነበረም።

«እባክሽ፣ ለዛሬ ብቻ» አለኝ።

«አስገባ» አልሁት።

የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ወደ ታች አየ። ስሙን አወቀው። እግሩን አንሥቶ ሊሻገራት ሲል፣

«አይሆንም፤ ርገጣት። ጭቃህንም እዚያው ጥረግ» አልሁት።

ዝናቡ ጆንያውን እየመታ ነው። ረገጣት። ስንት ጆንያ እንዳስገባ አላየሁም፤ እኔ የማየው እግሩን ብቻ ነበር፣ ሲገባም ሲወጣም። ያስገባሁለት አዝኜለት አይመስላችሁ። ብከለክለው ኖሮ ሰሊጡ ይበሰብስና ሰው ለእሱ ያዝን ነበር።

ሲጨርስ ውኃው ከፊቱ እየተንጠባጠበ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ይችን ነገር አታነሻትም?» አለኝ በቀስታ።

«እኔ ቤት ከሠራኸው ያልተሰነጠቀች እሷ ብቻ ናት» አልሁት። «ለምን ብዬ አነሣታለሁ?»