የባምባሲው ሚኒባስ መስኮት

ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስመለስ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ሙቀቱ ይጠብሳል፣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮቶቹ በሙሉ ጥርቅም ብለዋል። የኔን ስከፍተው ከኋላ ወንበር ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ እያሳሉ፣ «ዝጊው ልጄ! ንፋሱ የሳንባ ምች ያስይዘኛል» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ «ዝጊው!» ብሎ ተነሣብኝ። ረዳቱ መጥቶ ዘጋው፤ መልሼ ከፈትኩት።

«ነርስ ነኝ፤ አልዘጋም!» አልኩ። «የሳንባ ምች የሚያመጣው ጀርም ነው እንጂ ንፋስ አይደለም። አንዱ ሲያስል ሌላው ይተነፍሰዋል፤ በተዘጋ መኪና ደግሞ ይብሳል። አባባ፣ የእርስዎም ሳል መታየት አለበት። በሽታው ይበልጥ የሚጎዳው ሕፃናትንና እንደ እርስዎ ያሉ አረጋውያንን ነው።»

«ነርስ ብትሆን ለራሷ!» አለ አንዱ። «ካልተመቻት ትውረድ!»

አልወረድኩም፤ መስኮቱንም በክርኔ ደግፌ ያዝኩት። አጠገቤ የሁለት ወር ሕፃን ያቀፈች የበርታ ብሔረሰብ እናት ነበረች። ቀና ብላ አየችኝና በተሰባበረ አማርኛ፣ «እህቴ፣ አትዝጋ። ልጅ ትንሽ ነው» አለችኝ።

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ሕፃኑን አዩት።  ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የመስኮት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የራሳቸውን መስኮት ወለል አድርገው ከፍተው፣ ጭንቅላታቸውን ከነጋቢያቸው አውጥተው ወደ ውጭ ያስላሉ።

ረዳቱ ደንግጦ፣ «አባባ፣ ንፋሱ! ይግቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«አልገባም!» አሉ። «ሰባ ዓመት የሸሸሁት ንፋስ፣ ወንድ ከሆነ ይምጣ!»