የሰዓቱ ዓምድ

ዩዛና የአንድ ጋዜጣ አራሚ ነበረች፤ ማንዳሌ ከተማ ውስጥ። መንግሥት ጋዜጣውን ሲዘጋው በኢንተርኔት ላይ ሌላ ምን እንደተዘጋ መቁጠር ጀመረች። ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

ሥራው ጀግንነት የለውም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ የድረ ገጽ አድራሻ ያለበት ዝርዝር አለ። በሰባት ከተሞች ሰባት ሰዎች ቤታቸው ባለው የኢንተርኔት መስመር ላይ ትንሽ ሳጥን ሰክተዋል። ሳጥኑ ዝርዝሩን በየቀኑ ያንኳኳል፤ ተከፈተ፣ አልተከፈተም። ዩዛና ውጤቱን አጣርታ ማኒላ ለሚሠራው ለራሞን ትልካለች። እሱ ከሃኖይ፣ ከጃካርታና ከዳካ ከመጣው ጋር አዳብሎ ሪፖርት ያወጣል።

"የሚያደክመኝ የናንተ አገር ነው" ይላት ነበር ረቡዕ ረቡዕ በስልክ ሲገናኙ። "ተዘጋ ያላችሁኝ ገጽ ለካ መብራት ጠፍቶባችሁ ነው።"

"መብራት ያለው ሰው ቀልድ አያጣም" ትለዋለች።

ግን እውነቱን ነበር። በነዩዛና አገር መብራት በተራ ነው፤ አንዱ ሰፈር ሲያገኝ ሌላው ይጨልማል። ስለዚህ መላ ዘየደች። የየሰፈሩን ተራ እየጠየቀች ፍተሻው መብራት ባለበት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አደረገች፤ በሪፖርቱ ላይም ፍተሻው የተሠራበትን ሰዓት የሚያሳይ ዓምድ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ "መብራት ጠፍቶ ነው" የሚል ሁሉ አፉን ያዘ። በሥራዋ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ያ ዓምድ ነበር።

ከሰባቱ አንዱ ኡ ባ ትዌ ነበሩ፤ የሟች አባቷ ጓደኛ፣ በትውልድ ከተማዋ የሻይ ቤት ባለቤት። የሥጋ አጎቷ ባይሆኑም "ኡሌ" እያለች ነው ያደገችው። ሳጥኑን ከወተት ጣሳዎቹ ጀርባ ስትሰካ ቆመው አዩአት።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር የኳስ ውጤት ያሳያል?"

"አያሳይም፣ ኡሌ።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ያልተከፈተውን ይቆጥራል።"

"እንደ ሚስቴ ነዋ! እሷም የተደረገውን ትታ ያልተደረገውን ነው የምትቆጥረው።"

ቀልዱን ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ላለው ለኮ ሊን ማውንግ ጠርተው ደገሙለት። ሃያ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሻዩን እሳቸው ጋ ይጠጣል፤ ፀጉራቸውን እሱ ያስተካክላል፤ ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ከቤተሰቡ ሌላ ስለ ሳጥኑ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ዩዛና ደንቧን ጠበቀች። ስም ሰረዘች፣ ከተማ ሰረዘች፣ የመስመሩን ቁጥር ሰረዘች። ሰዓቱን ተወችው። ሰዓት የማንም አይደለም ብላ።

በሚያዝያ ወር አራት የጸጥታ ሰዎች መጥተው ኡ ባ ትዌን ከነሳጥኑ ወሰዷቸው።

እናቷ ደውላ በነገረቻት ማግስት ዩዛና ሪፖርቱን መልሳ ገለጠች፤ በትውልድ ከተማዋ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የመብራት ተራም ፎቶ አስነሥታ አስላከች። ተራው በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ የሪፖርቱ የመጨረሻ አሥራ ሁለት ሳምንታት ተራ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። የአሥራ ሁለት ሳምንቱን ሰዓት ከተለጠፈው ጋር አስተያየችው። የገጠመው አንድ ሰፈር ብቻ ነበር፤ እዚያ ሰፈር ኢንተርኔት ያስገቡት ደግሞ ሦስት ቤቶች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት፤ ሌላም ሰው ከዚህ በላይ አይፈጅበትም።

ለማንም አልተናገረችም። ብናገር የቀሩትን ስድስቱን አስይዛለሁ አለች ለራሷ። ከፊሉ እውነት ነበር።

ከተማው ግን ጠቋሚ ፈለገ፤ አገኘም። በኮ ሊን ማውንግ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። "ያ ከሃዲ" ትላለች እናቷ በስልክ። ዩዛና "እህ" ብላ ወሬ ትለውጣለች።

ኡ ባ ትዌ ከሰባት ወር በኋላ ሲፈቱ ልትጠይቃቸው ሄደች። ከሻይ ቤቱ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አራቱ ብቻ ቀርተዋል። ፀጉራቸው ማጅራታቸውን ሸፍኗል።

"ኡሌ፣ ፀጉርዎ አድጓል።"

"ማን ይቁረጠው? ያ እባብ በሰኔ ቤቱን ዘግቶ ወደ ታይላንድ ጠረፍ ጠፋ። ዓይኔን ማየት ፈርቶ።"

ዩዛና ሪፖርቱንና የመብራቱን ተራ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች።

"እሱ አይደለም፣ ኡሌ። እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ሰዓቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ ሳምንት በሳምንት ወረዱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"በወሰዱዎት ሳምንት።"

የሻዩን ፔርሙዝ አነሡ። ለራሳቸው ብቻ ቀዱ።

"መሳሳቱንስ ሰው ይሳሳታል" አሉ። "እስር ቤት ሳለሁ ኮ ሊን ማውንግ ሦስት ጊዜ ስንቅ ላከልኝ። ጨው የበዛበት የደረቀ ዓሣ፤ እንደምወደው። ሦስቱንም መለስኩበት። ያኔ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ሻዩን ጠጥተው ጨረሱ።

"የስልክ ቁጥሩን ይስጡኝ፤ እኔው ልንገረው" አለች።

"ቁጥሩን ቀይሯል። የተዘጋ መፈለግ ሥራሽ አይደል? ፈልጊው።"

ሁለት ዓመት ፈልጋዋለች። በጠረፍ ከተሞች ፀጉር ቤት ባየች ቁጥር ገብታ ትጠይቃለች። የሚያውቀው አልተገኘም።

ያለፈው ረቡዕ ራሞን አዲሱን ሪፖርት ገልጦ "የሰዓቱ ዓምድ ዘንድሮም የለም፤ የት ሄደ?" አላት። "አሁን መብራት ጠፍቶ ይሁን ገጹ ተዘግቶ በምን እናውቃለን?"

"አናውቅም" አለችው።